ሦስት ሺህ ሜትር ላይ የሞተር መጋዝ መምረጥ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ሽቅብ የሚወጣ ሰው፣ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን፣ ትንፋሹ እያጠረ መሄዱን ሳይወድ ያስተውላል። ቤተ ክርስቲያኗ የተተከለችበት ጉብታ ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው በመሆኑ፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚገባው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ቤንዚን አቃጥሎ የሚሠራ ሞተርም የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ነው። ይሁንና በእንጦጦና በአካባቢው ለአነስተኛ የእንጨት ሥራ የሞተር መጋዝ ሲገዛ፣ ይህ ግልጽ ነገር በሻጩም ሆነ በገዢው ስሌት ውስጥ ገብቶ አይታይም። የሚጠየቁት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ «ዋጋው ስንት ነው?» እና «ስንት ሲሲ ነው?»። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሌላ ሳይጨመርባቸው ሲቀር ግን ገዢውን ያሳስታሉ።

ጉዳዩ ለምርምር ሰዎች የማይመጥን የሱቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በደን ልማትና በገጠር ኑሮ ላይ የሚደረጉ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች በመደምደሚያቸው «ለወጣት ማኅበራት ዘመናዊ የእንጨት መቁረጫ ይቅረብ» የሚል ምክረ ሐሳብ ሲያሰፍሩ፣ የትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው ከፍታ፣ በማን ጥገና የሚሉት ጥያቄዎች ሳይነሡ መቅረታቸው የተለመደ ነው። ምክረ ሐሳቡ ወደ ግዢ ሲለወጥ ገንዘቡ የሚከፈለው ከእነዚያው ወጣቶች ብድር ነው። ማሽኑ በመጀመሪያው በጋ ቢቆም ብድሩ አይቆምም። በዚህ ምክንያት ጥያቄው ከመሣሪያ ምርጫነት አልፎ ምክር የሚሰጥ ሰው ስለሚሸከመው ኃላፊነት የሚነሣ ጥያቄ ይሆናል።

ዛፉና ጉቶው

ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲደፉ፣ ተራራው ከጥዱና ከወይራው እየተራቆተ ነበር። ከተማው ወደ ፍል ውኃ ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላም የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጦት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሳሰብ አድርሶ ነበር። ከተማውን በቦታው ያጸናው በ1880ዎቹ ዓመታት የገባው ባሕር ዛፍ መሆኑ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው የታመነ ነው። ዛፉ ይህን ያደረገው ፈጥኖ በማደጉ ብቻ አይደለም። ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ የተከለ ገበሬ ለብዙ ዙር የሚቆርጠው እንጨት ያገኛል። ለአጠና የሚፈለገው ባሕር ዛፍ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ለመቆረጥ ይደርሳል። እንግዲህ የአንድ የባሕር ዛፍ ይዞታ ዋና ሀብት በዓይን የሚታየው ግንድ ሳይሆን መሬት ላይ የሚቀረው ጉቶ ነው ማለት ይቻላል።

የመሣሪያ ምርጫ ከዚህ ሊጀምር ይገባል። ከጉቶው የሚወጣው ቀንበጥ የሚነሣው በቅርፊቱ ሥር ተኝተው ከሚቆዩ የቡቃያ ዓይኖች ነው። ቅርፊቱ ከተላጠ ወይም ከእንጨቱ ከተላቀቀ ዓይኖቹ ይደርቃሉ። በመጥረቢያ የተቆረጠ ዛፍ ብዙ ጊዜ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ አናቱ የተሰነጣጠቀ፣ ቅርፊቱ የተላላጠ ጉቶ ትቶ ይወድቃል። ከፍ ብሎ በቀረው ጉቶ ጫፍ ላይ የሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ ሥሩ ደካማ ስለሚሆን በነፋስ ይገነጠላል። የእንጦጦ ነፋስ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። የደን ባለሙያዎች የሚመክሩት ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ባለው ከፍታ፣ የዝናብ ውኃ እንዳይተኛበት በመጠኑ አዘቅዝቆ፣ ለስላሳ አድርጎ መቁረጥን ነው። ይህን በመጥረቢያ ማድረግ የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ ስለት ያለው መጋዝ ግን ሥራው ይኸው ነው። ለሞተር መጋዝ የሚቀርበው ጠንካራው መከራከሪያ ፍጥነቱ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። በጉቶ ለሚያስብ ሰው ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የአቆራረጡ ንጽሕና ይበልጣል።

ለዚህ ሥራ ሞተር የግድ አስፈላጊ አይደለም። በዓመት ሃያ ሠላሳ ዛፍ ብቻ ለሚቆርጥ ቤተሰብ፣ በሚገባ የተሳለ ቅስት መጋዝ ወይም ሁለት ሰው የሚስበው መጋዝ ያንኑ ንጹሕ ጉቶ በጥቂት ወጪ ያስገኛል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው በየበጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዛፍ የሚቆርጡትን፣ ከሱሉልታ በኩል ካሉ ገበሬዎች ይዞታ ላይ ግንድ በቁም የሚገዙትን፣ ወይም ነባሩን ባሕር ዛፍ አንሥቶ በአገር በቀል ዛፍ በመተካት ሥራ ላይ የተሰማሩትን አነስተኛ ቡድኖች የሚመለከት ነው። በእንጦጦ ፓርክና በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ክልል ያለው ዛፍ የሕዝብ ሀብት በመሆኑ ከተፈቀደለት በቀር ማንም መጋዝ ይዞ አይገባም። በሌላ በኩል ዐዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥት ደን ጎን ለጎን የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን ይዞታን ስለሚያውቅ፣ የአነስተኛ ቆራጮች ሥራ ሕጋዊ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት ሴቶች በመጥረቢያ ከሚቆረጥ ዛፍ ሥር የሚወዳደቀውን ስባሪ እንጨት ይለቅማሉ። ሞተር ያለፈበት ቦታ ላይ የሚቀረው ሰጋቱራ ነው፤ ሰጋቱራ ደግሞ በጀርባ ታስሮ አይወርድም። የማሽኑ ጥቅም ሲሰላ ይህ ኪሳራ በማን ወገብ ላይ እንደሚያርፍ የሚጠይቅ ጥናት ቢኖር መልካም ነበር።

ማሽኑ በቀጭን አየር

በሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የአየር እፍጋት በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በባሕር ወለል ካለው 74 በመቶ ያህል ነው። የሞተር መጋዝ አየሩን በግፊት የሚጨምርለት መሣሪያ ስለሌለው ጉልበቱ ከዚሁ ጋር ተመጣጥኖ ይወርዳል። ለእርሻና ለማገዶ ሥራ በብዙ አገር የሚሸጠው የሽቲል ኤምኤስ 250፣ 45.4 ሲሲ ሞተር ያለው ሲሆን በሰሌዳው 2.3 ኪሎ ዋት ያመነጫል ይባላል። ይኸው ማሽን እንጦጦ ላይ በሚገባ ተስተካክሎ እንኳ የሚሰጠው 1.7 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ይህም በባሕር ወለል ላይ 32 ሲሲ ገደማ ያለው የዚያው አምራች አነስተኛ ማሽን፣ ማለትም ኤምኤስ 180፣ ከሚሰጠው ብዙም አይበልጥም። ታናሹ ማሽን ራሱ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ከ1.1 ኪሎ ዋት ብዙም አያልፍም፤ ይህ ቅርንጫፍ ለመመልመል እንጂ ሲደርቅ በኪዩቢክ ሜትር ከ700 እስከ 800 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን፣ ቃጫው እርስ በርሱ የተጠላለፈውን ነጭ ባሕር ዛፍ ቀኑን ሙሉ ለመቁረጥ አይበቃም። በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሚለካው ሌላ አየር ውስጥ መሆኑን ገዢው ከመነሻው ቢያውቅ፣ «አነስተኛ ነውና ይበቃኛል» የሚለውንም ምርጫ ደግሞ ያጤነው ነበር።

የጉልበት መቀነስ ግን ከሁለቱ ችግሮች ቀላሉ ነው። ከባዱ የካርቡራቶር ነገር ነው። በተለመደው ካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚኑን የሚስበው የአየሩ ፍሰት ሲሆን፣ አየሩ ሲሳሳ የሚገባው ቤንዚን በአየሩ ልክ አይቀንስም። በቀላል የፍሰት ስሌት የድብልቁ የቤንዚን ድርሻ የሚጨምረው በአየሩ እፍጋት ስኩዌር ሩት ተቃራኒ መጠን በመሆኑ፣ በባሕር ወለል የተስተካከለ ማሽን እንጦጦ ላይ በ16 በመቶ ገደማ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ያቃጥላል። ውጤቱን ሠራተኞች በሚገባ ያውቁታል፦ ማሽኑ ያጨሳል፣ ድምፁ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጠቁሮ ይረጥባል፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ይሰንፋል። ከዚያም «ይህ ማሽን ቤንዚን ይበላል» ይባላል፤ ካንዴላ ይለወጣል፤ በሳምንቱ ያው ይደገማል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው መድኃኒት ከከፍተኛው ዙር ማስተካከያ ብሎን ላይ ትንሽ መዞር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ማሽን ይህን ብሎን ለሠራተኛው አይተውለትም። የጭስ ልቀት ሕግ ጥብቅ ለሆነባቸው አገሮች የሚሠሩ አንዳንድ ትናንሽ ማሽኖች የቤንዚን መጠናቸው በፋብሪካ የተወሰነ ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ ብሎኑ ከጥቂት ዙር በላይ እንዳይዞር የሚያግድ ቆብ አላቸው። እንዲህ ያለውን ማሽን ከውጭ በሻንጣ አምጥቶ ለዘመድ መስጠት መልካም ስጦታ ይመስላል፤ እንጦጦ ላይ ግን ስጦታው የሚያጨስ ብረት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በአገራችን ደጋ የሚሠራ የሞተር መጋዝ የመጀመሪያ መመዘኛው ካርቡራቶሩ በሰው እጅ የሚስተካከል መሆኑ ነው። ከሲሲው በፊት ይህ ሊጠየቅ ይገባል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ አደጋም አለ። ለእንጦጦ አየር የተስተካከለ ማሽን በደላላ አማካይነት ተከራይቶ ወደ አዋሽ ሸለቆ ቢወርድ፣ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ወፍራም አየር ድብልቁን ቤንዚን ያነሰው ያደርገዋል። ሞተሩ በመጀመሪያ ቀን ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ያገኘ ይመስላል፤ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሠራተኛው ይደሰታል። የቅባቱ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣ በመሆኑ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፤ ፒስተኑ ይግላል፣ በመጨረሻም ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የአምራቹ ነው ይባላል። ማሽን የሚያከራይ ማኅበር ከማሽኑ ጋር ማስተካከል የሚያውቅ ሰው አብሮ ካልላከ፣ በኪራዩ ከሚያገኘው ይልቅ በፒስተኑ የሚያጣው ይበልጣል።

ከፍታን በራሳቸው እያወቁ ድብልቁን የሚያስተካክሉ ማሽኖች ዛሬ አሉ፤ ሽቲል ኤም-ትሮኒክ፣ ሁስቅቫርና ደግሞ አውቶቲዩን ይሏቸዋል። ለእንጦጦ የተሠሩ ያህል ተስማሚ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁንና ዋጋቸው ከፍ ያለ ከመሆኑም በላይ ብልሽታቸው የሚታወቀው በመመርመሪያ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በሌለበት ከተማ እንዲህ ያለው ማሽን ሲቆም ለመካኒኩ የተዘጋ ሣጥን ነው። ተቋም ሊገዛቸው ይችላል፤ በብድር ለሚነሣ ቡድን ግን ዛሬ ባለው ሁኔታ ሊመከሩ አይገባም።

የባትሪ መጋዝስ? ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም። ነዳጅ በጀሪካን መሸጥ በየጊዜው በሚከለከልበት፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሎ ወደ ኤሌክትሪክ ባዞረበት አገር ይህ ሐሳብ ቀልድ አይደለም። አሁን ያለው ችግር አንድ ባትሪ ጠንካራ ግንድ ያለማቋረጥ ሲቆረጥበት ከአንድ ሰዓት በታች የሚያልቅ መሆኑና የባትሪው ዋጋ ከማሽኑ ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ነው። በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ላለ የመመልመልና የማሳሳት ሥራ፣ መብራት ቅርብ በመሆኑ፣ ዛሬውኑ ሊሞከር የሚችል ነው። አጠና ቆርጦ አይሱዙ ለሚጭን ቡድን ገና ነው።

ርካሽ የሚባለው

በመርካቶ ከሚታዩት ማሽኖች ብዛት ያላቸው 52 ወይም 58 ሲሲ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው፣ የተለያየ ስም ግን ተመሳሳይ አካል ያላቸው የቻይና ሥራዎች ናቸው። ስለ እነዚህ ማሽኖች ሁለት ዓይነት ግድየለሽ ፍርድ ይሰማል፤ አንዱ «ሁሉም ቆሻሻ ነው» የሚል፣ ሌላው «ከፈረንጁ ምን ለያቸው» የሚል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ካርቡራቶራቸው በእጅ የሚስተካከል ነው፤ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው ይገጥማል፤ ለአንድ ደጋ መንደር መካኒክ እነዚህ ትልቅ በጎ ጎኖች ናቸው። ድክመታቸው የጥራታቸው አለመተማመን ነው። ከአንድ ሣጥን የወጡ ሁለት ማሽኖች አንዱ ሦስት በጋ ሲሠራ ሌላው በሁለተኛው ወር ሊሞት ይችላል። የሲሊንደሩ የውስጥ ልባስ ስስ፣ ባሩ ለስላሳ፣ የሰንሰለቱ ፍሬን የማይታመን ሆኖ ይገኛል። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሲሲ ከሲሊንደሩ ልኬት ጋር የማይገጥምበትም ጊዜ አለ። ይህን ለማረጋገጥ የሲሊንደሩን የውስጥ ስፋትና የፒስተኑን ምልልስ ርዝመት በካሊፐር ለክቶ ይዘቱን ማስላት ብቻ ይበቃል። የታወቁ አምራቾችን ስም የለጠፉ አስመሳይ ማሽኖች መኖራቸው ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ገዢው የስመ ጥሩውን ዋጋ ከፍሎ የሌላውን ዕድሜ ይገዛል።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አልፏል። ከዚያ ወዲህ «ርካሽ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ተለውጧል። ማሽኑ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ሰንሰለት፣ ባርና ማጣሪያ ግን በየጊዜው የሚገዙ የውጭ ዕቃዎች ናቸው። ለማሳያ ያህል ብቻ፣ ርካሹ ማሽን አንድ እጅ፣ ስመ ጥሩው አራት እጅ ይሸጣሉ እንበል፤ የመጀመሪያው አንድ በጋ፣ ሁለተኛው አምስት በጋ ያገልግል። በበጋ ሲካፈል ወጪው አንድና ዜሮ ነጥብ ስምንት ይሆናል፤ ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። ልዩነቱን የሚያሰፋው ማሽኑ የቆመበት ቀን ነው። አራት ሠራተኛ ምሳውን በልቶ ይቀመጣል፤ የተከራየው አይሱዙ በቀን ይከፈለዋል፤ አጠናውን የሚጠብቀው የሕንፃ ተቋራጭ ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል። የማሽን ዋጋ ሲነጻጸር ይህ ቀን በወጪ ዓምድ ውስጥ መግባት አለበት።

ስለዚህም ለመግዛት የወጣ ሰው ለሻጩ ሊያቀርበው የሚገባው ጥያቄ ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለ መለዋወጫው ነው። ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርሳም ማርሽ፣ የአየር ማጣሪያው፣ የማስነሻው ገመድና ስፕሪንግ፣ የካርቡራቶሩ ስስ ላስቲክ፣ ሰንሰለቱን የሚያጠጣው የዘይት ፓምፕ፣ ትርፍ ባርና ሰንሰለት፤ እነዚህ በዚያው ዕለት፣ በዚያው ሰፈር፣ እጅ በእጅ ይገኛሉ ወይ? ከእነዚህ ሁለቱ ወይም ሦስቱ «ይመጣል» የሚባሉ ከሆነ ማሽኑ በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው። በዚህ መመዘኛ አንዳንድ ጊዜ ስመ ጥሩው ማሽን ይወድቃል፣ የቻይናው ያልፋል። መመዘኛው ጥሩ የሚሆነውም ለስም ስለማያዳላ ነው።

የተቋማት ግዢ እዚህ ላይ ይበልጥ ይሳሳታል። ዝርዝር መግለጫው «የሞተር መጋዝ፣ ከ50 ሲሲ የማያንስ» ብሎ ከወጣ፣ በዝቅተኛ ዋጋ የሚያሸንፈው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ጨረታው ሕጉን የተከተለ ሊሆን ይችላል፤ ስህተቱ የተፈጸመው መግለጫውን በጻፈው ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ነው። መግለጫው የሥራውን ከፍታ፣ የሚስተካከል ካርቡራቶርን፣ ሦስት ትርፍ ሰንሰለትን፣ አንድ ትርፍ ባርን፣ ልኩን የጠበቀ ሞረድንና የእግር መከላከያ ሱሪን ከማሽኑ ጋር እንደ አንድ ዕቃ ቢጠይቅ ውድድሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

የትኛው እንግዲህ?

ለእንጦጦ ዓይነት ሥራ፣ የአብዛኛው ግንድ ውፍረት ከ25 ሴንቲ ሜትር በታች በሆነበት፣ ከ45 እስከ 55 ሲሲ ያለው፣ ካርቡራቶሩ በእጅ የሚስተካከል፣ ባሩ ከ40 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ማሽን ተመራጭ ነው። ባሩን ማስረዘም ለዓይን ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከፍታው የቀነሰውን ጉልበት ረጅሙ ሰንሰለት እንደገና ይካፈለዋል። 70 ሲሲ የሚደርሱት ትልልቅ ማሽኖች ግንድ ወደ ጣውላ ለሚሰነጥቁ ናቸው፤ ከስድስት ኪሎ ግራም በላይ ክብደታቸውን ተሸክሞ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ቀኑን ሙሉ አጠና መቁረጥ ለሰው ወገብ ግፍ ነው። በመካከለኛው ማሽን ጣውላ ለመሰንጠቅ መሞከርም አይገባም፤ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ባሕር ዛፉም በውስጡ ባለው ውጥረት ምክንያት ተጣሞ ይወጣል፣ ከእያንዳንዱ መስመርም ሰባት ስምንት ሚሊ ሜትር እንጨት ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል። በነገራችን ላይ ጋና ለሽያጭ የሚሆን ጣውላ በሞተር መጋዝ መሰንጠቅን እ.ኤ.አ. በ1998 በሕግ ብትከለክልም የአገር ውስጥ ገበያዋ በአመዛኙ ከዚያው ጣውላ መገብየቱን ቀጥሏል፤ ሰው ከሌለ አማራጭ ይልቅ ያለውን ማሽን ይጠቀማል።

ማሽኑ ከተገዛ በኋላ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ከሁሉ ርካሽ የሆነው ዕቃ፣ ሞረድ፣ ነው። በሰንሰለቱ ልክ የሆነ ክብ ሞረድ ያስፈልጋል፤ በእነዚህ መካከለኛ ማሽኖች ላይ በብዛት ለሚገኘው ነጥብ 325 ኢንች ሰንሰለት 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለትናንሾቹ ማሽኖች ሰንሰለት ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር። የተሳለ ሰንሰለት የሚተፋው ፍቅፋቂ ነው፤ የደነዘ ሰንሰለት የሚተፋው ዱቄት ነው። ዱቄት ማየት የጀመረ ሠራተኛ ማሽኑን ከመጫን ይልቅ ማቆም ይገባዋል። እዚህ ላይ የጉቶው ነገር ተመልሶ ይመጣል፦ ለቡቃያው ሲባል ዝቅ ብሎ መቁረጥና ሰንሰለቱን ከአፈር መጠበቅ እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንድ ጊዜ መሬት የነካ ሰንሰለት ስለቱን በሰከንዶች ውስጥ ያጣል። መፍትሔው ቀላልና አሰልቺ ነው፤ ከመቁረጥ በፊት የግንዱን ሥር በዶማ ጠርጎ፣ የተጣበቀውን ጭቃ ማስወገድ። ይህን ሁለት ደቂቃ የማይሰጥ ቡድን ወይ ሰንሰለት ይጨርሳል፣ ወይ ጉቶ ከፍ አድርጎ ይቆርጣል፤ በሁለቱም ይከስራል። ነባሩ ባሕር ዛፍ እንዳያቆጠቁጥ በሚፈለግበት ቦታ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እስከ መሬት አውርዶ ቆርጦ የጉቶውን ቅርፊት መላጥ ያስፈልጋል።

በነዳጁም ነገር እንዲሁ ጥቂት ሚሊ ሊትሮች ዕድሜ ይወስናሉ። አስተማማኝ የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከተገኘ ለአምስት ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፣ ጥራቱ ለማይታወቅ ዘይት 200 ሚሊ ሊትር የተለመደው መጠን ነው፤ የማሽኑ መመሪያ የተለየ ካዘዘ ግን መመሪያው ይቅደም። ለሰንሰለቱ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት መጠቀም በሰፊው ይታያል፤ ዘይቱ የያዘው የብረት ብናኝ ፓምፑንና ባሩን ይበላል፣ በሠራተኛው እጅና ፊት ላይ የሚረጨው መርዝ ደግሞ ለብቻው የሚቆጠር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሰንሰለቱ በሰከንድ ሃያ ሜትር ገደማ የሚሮጥ ስለት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የባሩ አፍንጫ የላይኛው ጠርዝ ሌላ ግንድ ሲነካ ማሽኑ ወደ ሠራተኛው ፊት ይወረወራል። የሰንሰለቱ ፍሬን የተሠራው ለዚህች ቅጽበት ነው። ስለዚህ ከሱቅ ሳይወጡ ፍሬኑን ደጋግሞ መሞከር፣ ካልያዘም ማሽኑን ትቶ መሄድ ያስፈልጋል። የራስ ቁር፣ የጆሮ መከላከያና የእግር ሱሪ ሲደመሩ ወጪያቸው ቀላል ባለመሆኑ «በኋላ እንገዛለን» ይባላሉ፤ በኋላ የሚገዙት ግን እምብዛም ናቸው። የማሽኑ ዋጋ እነዚህን ጨምሮ ካልተቻለ፣ የተቻለው ዋጋ የማሽን ዋጋ አይደለም፤ ከላይ የተጠቀሰው ሁለት ሰው የሚስበው መጋዝ እግር አይቆርጥም።

እስካሁን የቀረቡት አኃዞች የፊዚክስ ስሌቶችና የአምራቾች ሰሌዳዎች ናቸው። በእንጦጦ አየር፣ በእንጦጦ እንጨት ላይ የተደረገ መለኪያ ቢኖር ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ይህ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው፤ ትልቅ ቤተ ሙከራም አይፈልግም። ሦስት ዓይነት ማሽን፣ አንድ የዙር መለኪያ፣ አንድ ሚዛንና አንድ ሰዓት ይዞ፣ ሃያ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን እርጥብ ባሕር ዛፍ በእንጦጦ ማርያም አካባቢና በዝቅተኛ ቦታ፣ ለምሳሌ የደን ትምህርት ለረጅም ዘመን በተሰጠበት በወንዶ ገነት፣ ካርቡራቶሩ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ መቁረጥ፤ ለእያንዳንዱ ቆረጣ የወሰደውን ሰከንድና የቤንዚን ክብደት መመዝገብ። ከዚያም በመጥረቢያ፣ በእጅ መጋዝና በሞተር የተቆረጡትን ጉቶዎች ቁጥር ሰጥቶ መተውና ክረምቱ ሲያልፍ ተመልሶ በየጉቶው ላይ የቆሙትን ቀንበጦች መቁጠር ነው።